ሰዓቱን ከማዶ

አንኩድ ዝናብ ነው፤ አራተኛ ቀኑ።
ባሕሩም ሰማዩም አንድ ግራጫ ሆኑ።
ማክሰኞ መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ፣
የዓሣ አጥማጆቹ ስልክ ማዞሪያ ነደደ በጭስ፤
ሽታው ከመጋረጃው እስካሁን አልለቀቀም።
ኩባንያው ጠየቀ የአንድ ጀልባ ዋጋ፣
ያውም ሰው ሊልክልን በጋው ሲጠጋ።

ስለዚህ እኔ ነኝ፣ መሬት ተንበርክኬ፣
ከተዘጋው ባንክ የለመንኩትን ካርድ ወደ ማስገቢያው ልኬ።
ዶና ኦርቴንሲያ ከኋላዬ ቆማ፣
ማዳመጫዋን ባንገቷ ተሸክማ፣
"ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጫለሁ፣
የየጀልባውን ሰው በሳሉ አውቃለሁ።
ሾፌር ነው ወይ ያልከው? እስኪ እንተዋወቅ፤
መንጃ ፈቃድ አለው? ወይስ ገደል እንጠብቅ?"

የለውም። ከላዩ ጽፎበታል ሠሪው፦
"ሙከራ ነው ገና፣ ዋስትና የሌለው፤
ማሽንህ ቢደርቅ፣ ፋይልህ ቢጠፋ፣
ነግሬሃለሁና፣ በእኔ አትከፋ።"
ስሙ ቦሁሚር ነው፤ ሌላ አላውቅለትም፣
አገሩን፣ ዕድሜውን፣ ፊቱንም።
ኮዱን ግን አየሁት፤
መስመር በመስመሩ ሌሊቱን አነበብኩት።
ከመካከሉ ላይ፣ ካንዲት ቁጥር አናት፣
እንዲህ ብሎ ትቷል፣ ምናልባት በሌሊት፦
"ይቺ ለምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ አትንኳት።"

ከዚያ ወዲያ አመንኩት።
ሁሉን አውቃለሁ ባይ መመሪያ ስንት አየሁ፤
አላውቅም የሚል ግን ገና አሁን አገኘሁ።

ኮምፒውተሩ ጮኸ፣ ተቆጣ፣ አቆመ፤
የጎደለ ፋይል እየጠራ ደገመ።
ቃል ለወጥኩ፣ ቅንፍ ዘጋሁ፣ እንደገና፤
ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ በአራተኛው ቀና።
ሾፌሩ ተጫነ። ካርዱም "አለሁ" አለ።
መብራቷ ግን ቀላች፣ ቁስል መሰለ።

ቀጭን ናት ገመዷ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ፤
ለሠላሳ ወሬ ትበቃለች መተላለፊያ።
በሰኮንድ ስምንት ሺህ ጊዜ ተራ ይዞ፣
ያንዱ ሳቅ ያልፋል የሌላው ለቅሶ አጠገብ ተጉዞ።
አስራ ስድስተኛው ግን ወሬ የለውም፤
አጋፋሪ ነው እሱ፣ ግብሩን አይቀምስም፤
ማን ማንን ፈለገ ብሎ ይጠይቃል፣
በር ከፍቶ ያስገባል፣ ሲያበቃ ይሸኛል።
("እኔን ነው ያማኸው" አለች ኦርቴንሲያ።)

እኩለ ሌሊት። ቀይ።
ያኔ ነው የገባኝ፦ ጥፋቱ የሰዓት ነው።
ካርዴ የራሱን ምት ይቆጥራል ለብቻው፤
ማዶ ያለው ጣቢያም የራሱን ይቆጥራል፤
በሚሊዮን አንድ ምት መሐላቸው ይጎድላል፤
ያቺው አንዷ ጠብታ እየተጠራቀመች
ቃልን ከአፍ ቆርጣ ባሕር ትጥላለች።
ሁለቱም "ልክ እኔ ነኝ" ብለው ደረቁ፤
ሁለቱም ልክ ናቸው። በዚሁ ተራራቁ።

አንዲት አኃዝ ነበረች፣ ዜሮ ላይ የቆመች።
አንድ አደረግኳት።
"የራስህን ተው፤ ሰዓቱን ከማዶ ውሰድ" ማለት ነች።
በገዛ ካርዴ ላይ ፈረድኩበት፣
ልክ ሆኖ ሳለ እንኳ እንዲከተል።
ቀይ።
ቀይ።
ከዚያ፣ ልክ እንደ ቅጠል።

ዶና ኦርቴንሲያ አላጨበጨበችም፤
ወንበሯን ሳበች፣ መነጽሯን ጠረገች።
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ አንቃጨለ።
"ማኅበሩ ነው፣ አቤት።" ማዶ አንድ ሰው ሳለ።
"ኤሊሴዮ!" አለችው፣ ገና ስሙን ሳይናገር።
ከደቡቡ ወደብ ነው፤ ሦስቱም ጀልባ ደርሰው ነበር።
"ሁለት ቀን ደወልን! የት ገባችሁ?" ሲላት
"መብራት ሄዶ ነው" አለች። በቃ፣ ይኸው ናት።
ደብተሯን ገልጣ የዓሣውን ኪሎ መዘገበች።

ያቺ አረንጓዴ አልፎ አልፎ ትርገበገባለች፤
ምክንያቱን አላገኘሁትም።
ጠዋት ለቦሁሚር አጭር ቃል ላክሁለት፦
"አንኩድ። ዝናብ። ይሠራል። ያቺን መስመር አልነካኋት።"
መልስ አልመጣም።
ዝናቡም አላባራ።